ነገ ከሰዓት እፈታዋለሁ

ላፕቶፑን ከማየቴ በፊት ሽቶውን አወቅኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልሸተተኝ ሽቶ ደረጃውን ቀድሞ ወርዶ ሱቄ ገባ፤ ባለቤቱ ኋላ ነው የደረሱት።

ሱቄ ከመንገዱ ዝቅ ያለች ጠባብ የኮምፒውተር መጠገኛ ናት። በአንድ ጎኗ ልብስ ሰፊ፣ በሌላው ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ስድስት ደረጃ ወርዶ ስለሚገባ፣ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ጫማው፣ ቀጥሎ ጉልበቱ፣ መጨረሻ ላይ ፊቱ ይታየኛል። የዚያን ቀን ከሰዓት የታየኝ ተረከዙ አጠር ያለ፣ በደንብ የተወለወለ ጥቁር የሴት ጫማ ነበር። ያንን የመሰለ ጫማ በልጅነቴ ስንቴ ወልውያለሁ! ፊታቸው እስኪደርስ መጠበቅ አላስፈለገኝም።

«እንደምን ዋልሽ» አሉ እትዬ።

ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ብድግ ማለቴን ሳውቅ በገዛ ጉልበቴ ተናደድኩ። አባዬም እንዲሁ ነው፤ ዘበኝነቱን ከተወ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ዛሬም ድረስ መንገድ ላይ የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ በር ሊከፍት ይነሳል። በሱ ስስቅ ኖሬ የባሰብኝ እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

እትዬ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። አባዬ የግቢያቸው ዘበኛ ነበር፤ እኔም የተወለድኩት ያደግኩት ከትልቁ ቤት ጀርባ ባለው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ ግቢ ከወጣን ወዲህ በሕልሜ ይመጡብኝ ነበር፤ ሁልጊዜ ተቆጥተው። አሁን ግን ፊታቸው ላይ ቁጣ አጣሁበት፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

ከቦርሳቸው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ፣ በብሎኖቹና በሽቦዎቹ መሀል አስቀመጡት። ፎጣውን ገለጡት። ክዳኑ ጥግ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ ላይ የደረቀ ሙጫ። ሙጫውን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

«የልጄ ነው» አሉ።

«አውቀዋለሁ።»

«ዋይፋዩ አይሠራም። አንቺ እንድትሠሪው ነው።»

ካቻቪቴዬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። «ባለቤቱ እግር የለውም እንዴ? ራሱ አያመጣውም?»

ሻሻቸውን ሳብ አደረጉ። ጥቁር መልበሳቸውን ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ዳኛ ስለነበሩ ጥቁር ሁልጊዜም የሳቸው ቀለም ይመስለኝ ነበር፤ ሻሹም፣ ሹራቡም፣ ቀሚሱም ጥቁር መሆኑን እያየሁ እንኳ ሊገባኝ አልፈለገም።

«አስራ አንድ ወር ሞላው» አሉ ቀስ ብለው። «ኩላሊቱ ነው።»

ከግድግዳው ማዶ የልብስ ሰፊው ማሽን ይንጣጣል። «እሺ» አልኩ። ሰው ሞተ ሲባል «እሺ» ሊባል እንደሚችል ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር።

* * *

እሱ «ብሎን» ይለኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ኪሴ ብሎን ስለማያጣ ነው። እኔ ደግሞ «ጌታው» እለዋለሁ፤ የትልቅ ቤት ልጅ መሆኑ የሚያሳፍረው ሰው ስለነበር እንዲናደድልኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ የፈታታሁት ኮምፒውተር የሱ ነው። እሱ መሐንዲስነት ሲማር እኔ ጥገና ተማርኩ። ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫንነው አብረን ነው፤ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ወደኛ ክፍል ለመምጣት ሰበብ ስለሚሆነው ደስታውን አይችለውም። «ይሄ ሲስተም ለኛ የተሠራ ነው» ይላል፣ «በየሳምንቱ ይበላሻል።»

የትልቁ ቤት ዋይፋይ እኛ ክፍል አይደርስም ነበር። እሱ በመስኮቱ ላይ ዋይፋይ የሚያሰራጭ ትንሽ ራውተር ሰቅሎ ወደኛ አዞረልኝ። የኔትወርኩን ስም «መስኮት» አለው። የይለፍ ቃሉን ከሁለታችን በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ይህችን ሱቅ ስከፍት ለኔትወርኬ ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ፤ ስሙም የይለፍ ቃሉም ያው የድሮው ነው። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ «መስኮት የሌላት ሱቅ፣ ኔትወርኳ መስኮት!» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

የመጨረሻዋ ቀን እንዲህ ነበረች። ላፕቶፑ በየአምስት ደቂቃው ከኔትወርኩ እየወጣ አስቸገረ። ስመረምረው ለአንዲት የዋይፋይ ካርድ ሁለት ድራይቨር ተጭኖላታል። ድራይቨር ማለት በዕቃውና በኮምፒውተሩ መሀል የሚቆም አስተርጓሚ ነው፤ ሁለት አስተርጓሚ እኩል ሲያወራ ማን ይደማመጣል? የሁለቱንም ስም ጥቁር መዝገብ በምንለው ፋይል ውስጥ ጽፌ እንዳይነሱ አሰርኳቸው። በማግስቱ ትክክለኛውን ለይቼ ልፈታው ነው። ከበላያቸው እንደ ልማዴ ማስታወሻ ተውኩ። በዚህ ሥራ ባለ አራት ጭረቷ ምልክት ከመስመር ፊት ካለች ማሽኑ ያንን መስመር አያየውም፤ ለሰው ብቻ የተጻፈ ነው። «ነገ ከሰዓት እፈታዋለሁ። ብሎን» ብዬ ጻፍኩ።

በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አነበበው። «ነገ ካልመጣሽ እከስሻለሁ» አለ። «እናቴ ዳኛ ናት።»

ሳቅን። ከዚያ በኋላ አብረን አልሳቅንም።

በማግስቱ ጠዋት እሱ ሥራ እንደወጣ እትዬ ክፍላችን በር ላይ ቆሙ። «ልጄ ሰልችቶታል። መናገር አፍሮ ነው እንጂ ይሂዱልኝ ያለው ራሱ ነው» አሉን። ቁጣ እንኳ አልነበረባቸውም፤ ፍርድ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት። አባዬ አንዲት ቃል ሳይመልስ የበሩን ቁልፍ አስረከበ። እስከ ቀትር ዕቃችን ፒክ አፕ ላይ ተጭኖ አለቀ። እኔም በኩራቴ ሲም ካርዴን ሰብሬ ጣልኩት።

ኩራቴ የቆየው ሁለት ሳምንት ነው። ወረቀት አንስቼ፣ ሂዱ ያልከው አንተ ካልሆንክ እሁድ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ እጠብቅሃለሁ ብዬ ጻፍኩና ለአዲሱ ዘበኛ ሰጠሁት። ሦስት እሁድ ቆምኩ። በሦስተኛው ዝናብ ነበር፤ የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ አዝኖልኝ ወንበር አወጣልኝ። ያቺን ወንበር እስከ ዛሬ እጠላታለሁ።

* * *

እትዬን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ላፕቶፑን ከፈትኩት። የይለፍ ቃሉን ከአንድ ብጣሽ የሆስፒታል ወረቀት ላይ አነበቡልኝ፤ የሱ የእጅ ጽሕፈት ነው፣ ግን ፊደሎቹ ተንቀጥቅጠዋል። ወረቀቱን ላየው እጄን ስዘረጋ እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ።

በማያውቁት መንገድ የሚሄዱ ሰዎች እንደሚያደርጉት ከቀላሉ ጀመርኩ። የዋይፋይ ካርዷ አለች ወይ ብዬ ማሽኑን ጠየቅኩት፤ አለች አለኝ። ማን ያንቀሳቅሳታል? ማንም።

«ሌላ ቦታ ወስጄው ነበር» አሉ እትዬ ድንገት። «ላንቺ ፊቴን ማሳየት አቅቶኝ። ‹ሁሉንም ደምስሰን ከአዲስ እንጭንልዎት› አሉኝ። ከእጃቸው ነጥቄ ወጣሁ።»

«እሱስ እንዴት ነበር የሚጠቀመው?»

«በገመድ ነዋ! ስድስት ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ሲጎትት። እኔ እንኳ ስንቴ ተደናቅፌበታለሁ። አዲስ ልግዛልህ ስለው ዓይኑ ይቀላል። አንቺ፣ ታምኛለሽ? ሆስፒታል ተኝቶ ነርሷን ገመድ አምጪልኝ እያለ ፍዳዋን አሳይቷታል።»

እጄ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። ያኔ ነው የገባኝ። ዋይፋዩ አልተበላሸም፤ እኔ ነኝ ያሰርኩት። ሁለቱንም አስተርጓሚ አስሬ፣ አንዱን ነገ እፈታዋለሁ ብዬ፣ ነገ ሳልደርስ የቀረሁት እኔ ነኝ። እና እሱ ማንንም ሳያስነካ፣ እኔ እንደተውኩት፣ ገመድ እየጎተተ ኖሯል።

ፋይሉን ለማሽኑ ትእዛዝ በምጽፍበት ጥቁር መስኮት ከፈትኩት። የኔ ማስታወሻ ከላይ አለች፤ ያኔ በላቲን ፊደል ስለነበር የጻፍኳት ትነበባለች። ከሥሯ ሁለቱ የታሰሩ ስሞች። ከነሱ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር። የትናንሽ ሳጥኖች ሰልፍ፣ መስመር በመስመር፣ ማያ ገጹን ሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል። ሌላ ጠጋኝ ቢሆን ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይደመስሰው ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር አየሁ፤ በያንዳንዱ መስመር ፊት ባለ አራት ጭረቷ ምልክት አለች። ለማሽን የተጻፈ አይደለም።

ጥቁሩ መስኮት የኛን ፊደል ማሳየት ስለማይችል ነው ሳጥን ያደረገው። በሌላ ፕሮግራም ከፈትኩት። ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑ።

«ብሎን፣ ነገ ከሰዓት ብለሽ ነበር። ከሥራ ስመለስ ክፍላችሁ ባዶ ነው። እማዬ የተሻለ ሥራ አግኝተው ሄዱ፣ ልጅቷም አትፈልገኝ ብላለች አለችኝ። ስልክሽ አይሠራም። የት ልጻፍልሽ? ይህን ፋይል ካንቺ በስተቀር የሚከፍት ሰው ስለሌለ እዚህ ጻፍኩ።»

ድምፁ ይሰማኛል፣ የዚያን ቀን እንዳጎነበሰው በትከሻዬ በኩል። ዞር አልልም አልኩ፤ ዞር አልኩ። ግድግዳ ነው።

«ስድስት ወር። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ከነገመዱ ያመለጠ እያሉ ይቀልዱብኛል።»

«ዛሬ አንቺን የምትመስል አየሁና ተከተልኳት። ዳቦ ቤት ገባች። አንቺ አይደለሽም። አፍሬ እኔም ዳቦ ገዛሁ።»

«ዛሬ ተቀይሜሻለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።»

«ሁለት ዓመት። የትኛው ድራይቨር ትክክለኛው እንደሆነ ደረስኩበት፤ የላይኛው ነው። ከፊቱ ምልክቷን ማስቀመጥ ብቻ ቀረኝ። ከዚያ እጄን አነሳሁ። እፈታዋለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ከፈታሁት በምን ሰበብ ትመለሻለሽ?»

ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ሁለት ቃል፣ አንዳንዱ ሙሉ ገጽ። የሠራውን ድልድይ ይነግረኛል፣ ጥርሱን እንደነቀለ ይነግረኛል፣ ሐኪሙ ያለውን በግማሽ ዓረፍተ ነገር ነክቶ ያልፈዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ በየመንገዱ በልቤ ስሰድበው፣ እሱ በዚህች ጠባብ ፋይል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያወራኝ ኖሯል። ዓይኔ ፊደሉን መለየት እስኪያቅተው ድረስ አነበብኩ።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ።

* * *

ወንበሬን ወደሳቸው አዞርኩ። «‹አትፈልገኝ ብላለች› አሉት?»

እትዬ ዓይናቸውን አልሰበሩም። «ብያለሁ።»

«ለኛ ደግሞ እሱ ነው ሂዱ ያለው አሉን።»

«እሱንም ብያለሁ።»

«ደብዳቤዬስ?»

ቦርሳቸውን ከፈቱ። ፖስታው ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ በላዩ ላይ «ለጌታው» የሚለው የኔ ጽሕፈት ነው። ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ ላፕቶፑ አጠገብ። «አዲሱ ዘበኛ ለኔ ነው የሰጠኝ። መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። አልከፈትኩትም።»

«አልከፈቱትም!» ሳቅ አመለጠኝ፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። «እንዴት ያለ ጨዋነት ነው እትዬ! የሰው ደብዳቤ አይከፍቱም፣ ሰውን ግን ከነነፍሱ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፋሉ።»

«ሊሞት አራት ቀን ሲቀረው ሰጠሁት» አሉ፣ ያልኩትን እንዳልሰሙ። «አነበበው። ልፈልጋት፣ ላምጣት አልኩት፤ በጭንቅላቱ አይሆንም አለኝ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነፈሰልኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጽፍ ዋለ። እኔ ሞኟ፣ ለኔ የሚጽፍ መስሎኝ። መጨረሻ ላይ ላፕቶፑን ወደኔ ገፋ አድርጎ ‹ለሷ ስጫት፤ ታውቃለች› አለ። ያ ነው። ልጄ ይቅር ይበለኝ አይበለኝ ሳላውቅ ቀበርኩት።»

ከዚያ ያቺ ሴት፣ በግቢው ውስጥ ስታልፍ ንፋስ እንኳ መንገድ የሚለቅላት የምትመስለኝ ሴት፣ በርጩማዬ ላይ ጎብጣ ለመነችኝ። «ሱቅሽ የት እንዳለ ከከፈትሽው ጀምሮ አውቃለሁ። በዚህ መንገድ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። አሁን የመጣሁት አንድ ነገር ብቻ ላውቅ ነው። ስለኔ የጻፈው አለ ወይ?»

ወደ ማያ ገጹ ዞሬ መጨረሻውን ፈለግኩ። ቃላቱ እዚያ ተሰባብረዋል፤ ፊደል ይዘላል፣ አንዱን ሁለቴ ይደግማል።

«ብሎን፣ ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። እሁድ እጠብቃለሁ ይላል። ጠብቀሻል፤ አውቅሻለሁ፣ ከአንድ እሁድም በላይ። አሁን ብትጠሪ ትመጫለሽ። ግን እንዲህ ሆኜ እንድታዪኝ አልፈልግም። ተቆጪኝ፤ መብትሽ ነው። ስለ እማዬ ልንገርሽ። ይቅር ልላት ሞከርኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ቢቆይ እችል ነበር መሰለኝ፣ ጊዜ የለኝም እንጂ። አንቺ ጊዜ አለሽ። አንድ ቀን ይቅር ማለት ከቻልሽ የኔንም ጨምረሽ ስጫት። ካልቻልሽም ከፍርድሽ አልወጣም። ጌታው።»

ተቆጣሁ። በሱም ተቆጣሁ፤ ማን ፈቀደለት? ልይህ አልይህ የምለው እኔ አይደለሁም እንዴ? ግን በሞተ ሰው ላይ ቁጣ የት ይደርሳል፤ ተመልሶ እዚያው በርጩማ ላይ በተቀመጡት ሴትዮ ላይ አረፈ። የሱ ይቅርታ በኔ አፍ ውስጥ ነው ያለው። አፌን ዘግቼ ብቀመጥ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሳያውቁ ይኖራሉ። ሦስት እሁድ እኔ እንደቆምኩት ይቁሙዋ! ይህን ሳስብ ደስ አለኝ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ በጣም ደስ አለኝ።

«ዛሬ አይሆንም» አልኩ ክዳኑን ግማሽ ድረስ አውርጄ። «ነገ ይምጡ።»

በሥራ ዘመናቸው ለስንቱ ቀጠሮ የሰጡ ሴት ናቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቦርሳቸውን ሰብስበው ተነሱ፤ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው።

«እሺ» አሉ። «ስንት ሰዓት ልምጣ?»

«ከሰዓት።»

ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ፊታቸው ጠፋኝ፣ ቀጥሎ ጉልበታቸው። ጫማው ብቻ ቀረ፤ በየደረጃው ላይ ቆም እያለ። ክዳኑ ባልተዘጋው በኩል የማያ ገጹ ብርሃን እጄ ላይ ወድቋል። ዝቅ ብዬ አየሁ። ከሁሉም በላይ፣ ከሱ ቃላት ሁሉ በፊት፣ የኔዋ መስመር አለች፤ ነገ ከሰዓት እፈታዋለሁ።

ነገ የሚሉትን ቀን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ይመጣል ብዬ ሳቅ ሳቅ እያልኩ የተኛሁበት፣ ሳይመጣ ሰባት ዓመት የሆነው ነው። ያቺ ሴትዮ ደግሞ ሰባ አልፏታል።

ወንበሬ ሲወድቅ ሰማሁት። ስድስቱን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ እትዬ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ግድግዳ ይዘው ቆመዋል፣ መኪናቸው በየትኛው በኩል እንዳለ የጠፋቸው ይመስላሉ።

«እትዬ!» አልኩ። «ነገ አይሁን። ይግቡ።»

* * *

አጠገቤ አስቀመጥኳቸው፣ ማያ ገጹ በሚታያቸው በኩል። የታሰሩት ሁለቱ ስሞች ፊት ለፊታችን ናቸው። የላይኛው ነው ብሏል። ጠቋሚውን ወስጄ ከላይኛው መስመር ፊት አቆምኩት፤ ምልክቷን አስቀመጥኩ። ማሰሪያው በዚያች ቅጽበት ኃይሉን አጣ። ማሽኑ የማያየው፣ እንደኔና እንደሱ ማስታወሻ ተራ ቃል ሆነ። ፋይሉን አስቀምጬ ድራይቨሩን ጠራሁት።

አንድ ትንፋሽ ያህል ምንም የለም። ከዚያ በላፕቶፑ ጫፍ ላይ፣ ሰባት ዓመት ጠፍታ የኖረች ትንሽ ሰማያዊ መብራት ብልጭ አለች። ጠፋች። እንደገና በራች።

የኔትወርኮቹን ዝርዝር ልከፍት እጄን ዘረጋሁ። የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። አልጠየቀኝም። ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይነግረው፣ «ከመስኮት ጋር ተገናኝቷል» አለ።

ስሙን አልረሳም። ቃሉን አልረሳም። በከተማው ውስጥ ካሉት ኔትወርኮች ሁሉ የኔን ለይቶ፣ በሩን እንደሚያውቅ ሰው ሳያንኳኳ ገባ። ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ሞቱን ስሰማ ያልመጣው እንባ ያኔ መጣ፣ አስራ አንድ ወር የዘገየ፣ ድምፅ ያለው ለቅሶ። የልብስ ሰፊው ማሽን ከግድግዳው ማዶ ቀጥ አለ።

«ምን ሆነ? ተበላሸ?» እትዬ ደንግጠው ክንዴን ያዙኝ።

«አልተበላሸም። ገባ።»

«ማን አስገባው?»

«ራሱ ነው የገባው።»

እትዬ መብራቷን አዩዋት፣ እኔን አዩኝ። ምን እንደተረዱ አላውቅም። ጣታቸውን ዘርግተው መብራቷ አጠገብ፣ ሳይነኩዋት፣ አቆሙት። «ልጄ» አሉ። አላረምኳቸውም።

ከዚያ የመጨረሻውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንዲት ቃል አልዘለልኩም፤ «አፌ እምቢ አለኝ» የሚለውንም። ገና ስጀምር ከወንበራቸው ተነሱ፤ ችሎት ፊት ፍርዱ የሚነበብለት ሰው እንደሚቆም፣ እጃቸውን አጣምረው፣ እስክጨርስ ቆመው ሰሙኝ። ስጨርስ አልተቀመጡም። አልለመኑኝምም። ጠበቁ።

ልቤን ጠየቅኩት። ባዶ አልነበረም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ አለበት፣ የአባዬ ቁልፍ አለበት፣ ያቺ ወንበር አለችበት። ግን አፌ እምቢ አላለኝም። የሱ አፍ ያቃተውን ለመጨረስ የቀረ አፍ እኔ ጋ ብቻ እንደነበር አውቃለሁ።

«እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኩ። «የሱንም ጨምሬ።»

እትዬ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጭንቅላታቸውን ከብሎኖቼና ከሽቦዎቼ መሀል ጠረጴዛው ላይ ደገፉ፤ ሻሻቸው ወደ ኋላ ሸርተት ሲል ፀጉራቸው ሙሉ ለሙሉ መንጣቱን አየሁ። እጄን ትከሻቸው ላይ ላኑር አላኑር ስል ቆየሁ። አኖርኩት።

ቀና ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠራርገው፣ «አባትሽስ አሉ?» አሉኝ። አባዬን አንቱ ሲሉት ስሰማ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።

«አለ።»

«እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቃቸው እመጣለሁ።»

«ይምጡ» አልኩ። «መኪናዎን ግን ራቅ አድርገው ያቁሙ። ጥሩምባም እንዳይነፉ። ሊከፍትልዎት ይነሳል።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። በእንባቸው መሀል ፈገግ ሊሉ ሞክረው አልሆነላቸውም።

ሲሄዱ ላፕቶፑን አልወሰዱትም። ዝናቡ ደረጃዬ ላይ እየጮኸ፣ ብቻዬን፣ ማለትም ከሱ ጋር፣ ተቀመጥኩ። ፋይሉን እንደገና ከፈትኩና እስከ መጨረሻው ወረድኩ፣ «ጌታው» ከሚለው በታች። ምልክቷን አስቀመጥኩ፣ ማሽኑ እንዳያየው። በራሳችን ፊደል ጻፍኩለት።

«ዛሬ ከሰዓት ተፈታ። ዘገየሁብህ እንጂ መጥቻለሁ። ብሎን።»